አራተኛው ዓይነት

ጥር ነው፤ ቱርኩ ላይ ወንዙ ድንጋይ ሆኗል፣
ከመስኮቴ በታች ጀልባው ታስሮ ቆሟል።
እኔ ከላፕቶፔ፣ ከቀዘቀዘ ሻይ፣
የታይስቶን ኮድ ከፍቼ ሳይ፣ ሳይ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፈው ብቻውን፣
ጡረታ ሲወጣ የተወልንን።

ክፉ ኮድ አይደለም፤ ሰው ያሳፍራል፣
ከደሴት ደሴት ያሻግራል።
ግን ስም አልወጣለት፤ ዕቃው ሁሉ «ነገር»፣
ምን እንደያዘ እንኳ ሣጥኑ ሳይናገር፤
«ሀ» አለ፣ «ለ» አለ፣ «ጊዜያዊ ሁለት»፣
ትርጉሙ የቀረው ከታይስቶ አናት።

ባለፈው መስከረም
ሂልማ የምትባል የሰማንያ ዓመት ሴት
አንድ ለራሷ፣ አንድ ለብስክሌቷ፣
ቲኬት ጠየቀች።
አንድና አንድ በእኛ ዘንድ ቁጥር አልነበሩም፤
ፊደል ነበሩ።
ፊደል ሲደመር አይበዛም፤ ይቀጣጠላል።
አንዱ ከአንዱ ጎን ቆመ፤ ዐሥራ አንድ ሆነ።
ጀልባው ሞልቷል ብለን ሰው መለስን፤
እሷም ብስክሌቷን ደግፋ
በባዶ ወንበሮች መካከል ተሻገረች።
ካፒቴኑ ሳቀ።
ወደቡ ላይ የቀሩት አልሳቁም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ዘግይቶብኝ
ታይፕስክሪፕት ጫንኩ፤ ሌላ ምን አማረኝ?
የደንቡን ፋይል ከፈትኩ፣ መስመር በመስመር፣
«ጥብቅ» በሚለው ፊት «እውነት» ብዬ ስሰፍር
ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ቀይ መስመር!
ኃይለኛ መምህር ያረመው ደብተር።

አቋራጭ አለ። አንዲት ቃል፦ «ማንኛውም»።
«ማንኛውም» ካሉት ኮምፓይለሩ ዝም፤
በር ላይ ያንቀላፋ ዘበኛ ነው፤
የገባው ይግባ፣ ማንም ቢሆን ማነው?
ሁለት ፊደል ጻፍኩ።
ሂልማ ትዝ አለችኝ፤ ሰረዝኩ።

ስለዚህ ስም ማውጣት።
ይህ ቁጥር ነው። ይህ ፊደል ነው። ይህ ቀን ነው።
ይህ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤
የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።
ተሳፋሪ ማለት፦ ዐዋቂ፣ ወይም ሕፃን፣ ወይም ብስክሌት።
ሦስት ዓይነት፤ በቃ አልኩ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢሉም
መልአኩ በዚያ ሳምንት ቱርኩ አልነበረም፤
እኔው ነበርኩ፣ ከነሹራቤ።

በዘጠነኛው ምሽት አንድ ቀይ ቀረ።
«ይህ ቃል ከሦስቱ አንዱም አይደለም» ይላል፣ ደጋግሞ።
ወደ ፋይሉ ግርጌ ወረድኩ፤
ከአሮጌ የዋጋ ሠንጠረዥ ሥር
ታይስቶ የሸሸጋት መስመር፦
ተሳፋሪው «ሐዘንተኛ» ከሆነ
ዋጋው ዜሮ።

ገጹ ላይ የትም አይታይም፤ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም።
ደወልኩለት። ራዲዮ ይሰማል፣ ውሻ ይሰማል።
«ስሕተት ነው?» አልኩት።
የደሴት ሰው ዝምታ ረጅም ነው፤ ጠበቅኩ።
«አንድ ሰው ወንድሙን ሊቀብር ሲሻገር
ወደቡ መስኮት ላይ ሳንቲም ይቆጥር ነበር።
ሦስት ጊዜ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ።
በነጋታው ጻፍኩት። ለመስኮቷ ልጆች ነገርኳቸው፤
ሲያዩ ያውቃሉ፣ ቃሏን በእጃቸው ያስገባሉ።»
«ማንን አስፈቀድክ?»
«ማን ጠየቀኝ?»

ስልኩን ዘጋሁ።
ልሰርዛት እችል ነበር፤ ኮምፓይለሩ ግድ የለውም፤
እሱ የሚሻው ያልኩትንና የሆነውን ማስማማት ነው።
ከብስክሌት ቀጥዬ ጻፍኳት፦
ወይም ሐዘንተኛ።
ቀዩ ጠፋ።
ስሕተት፦ ዜሮ።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ተሰነጣጥቆ ሲለቅ
የጠዋቱን የተሳፋሪ ዝርዝር ከፈትኩ፤
ከላይ አራተኛው ረድፍ፦ ሂልማ።
ዐዋቂ አንድ፣ ብስክሌት አንድ።
ድምሩን ሁለቴ አየሁት።
ሁለት።